በአንቀልባ የወረደው ጭቃ

ጡረታዬን ላስፈጽም የሄድሁ ዕለት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ የሥራ መደብዎ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ምግብ አብሳይና ጽዳት ይላል።»

«እንግዲያው እንደዚያ ይሁን» አልሁና ፈርሜ ወጣሁ። ውሸት አይደለም፤ አብስያለሁ፣ ጠርጌያለሁም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ደመናው ተገልጦ ጮቄ ከከተማው በላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝና መንገድ ዳር ቆምሁ። እኔ በዚያ ተራራ ላይ ጉልበቴን የጨረስሁት በረዶ ስፈልግ ነው። ይህን ለዚያች ልጅ ብነግራት ምን ብላ ትጽፈው ነበር?

ልጄ ማስተዋል፣ «እማዬ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከምትተርኪው አንዴ ጻፊውና ይውጣልሽ» ስላለችኝ ነው የጀመርሁት። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ፣ ባየሁት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

በረዶ ስል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የባቄላ አበባ የሚያራግፈውን አይደለም። ዶክተር ታደለ እንዳስተማሩኝ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ዓለም ቀዝቅዛ ነበር። ያን ጊዜ በሩቁ ሰሜን አገር የሚያህል በረዶ ተኝቶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የረጃጅሞቹን ተራሮች ጫፍ ይዞ ነበር። የወረደው አመዳይ ሳይቀልጥ ሌላ ይደረብበታል፣ ይጫነዋል፣ ድንጋይ እስኪመስል ይጠጥራል። ከዚያ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። ዓይን አያየውም እንጂ ይሄዳል። ሲሄድ ዓለቱን ይፍቃል፣ ቋጥኙን ይገፋል፣ ሸለቆውን ይቦረቡራል። ዓለም ስትሞቅ በረዶው ቀልጦ ያልቃል፤ የገፋው ድንጋይ እንደ ካብ ተደርድሮ ይቀራል፣ የቦረቦረው ጉድጓድም ውሃ ያቁራል።

«አገር ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስልሻል፣ የውብዳር» ይሉኝ ነበር። «አይደለም፤ ይሄዳል። ቶሎ የምንሞተው እኛ ስለሆንን ሲሄድ አናየውም።»

እሳቸውን ያገኘኋቸው ሉማሜ ነው። ባሌ ካረፈ በኋላ መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ጭቃ የለበሰ መኪና ቆመና ረዘም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ገቡ። ከኪሳቸውም ከቦርሳቸውም ድንጋይ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመሩ። ያዘዙትን ሽሮ ይዤ ስመጣ ቦታ አጣሁ። ድንጋዮቹን በትሪ አነሣኋቸው፤ በተራቸው፣ ላይ የነበረውን ፊት ላይ አድርጌ። በልተው ሲያበቁ ትሪውን መለስሁላቸው። አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

«አንቺ፣ እነዚህን እንዴት አድርገሽ ነው ያነሣሻቸው?»

ደነገጥሁ። «እንደነበሩ ነው ጌታዬ። ምነው፣ ጎደለ?»

«አልጎደለም። አንዱንም አላገላበጥሽም።»

«የሰው ዕቃ አይደለም እንዴ? ለምን ብዬ አገላብጣለሁ?»

አሠሪዬ ከጓዳ ሆና፣ «እሷን ይተዋት ጌታዬ፤ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ናት፣ ሁሉን ነገር ትፈራለች» ብላ ሳቀች።

«እኔም ያጣሁት የሚፈራ ሰው ነው» አሉ ዶክተር።

እንዲህ ሆኜ ተቀጠርሁ። ማስተዋልን አማኑኤል ከተማ እኅቴ ዘንድ ትቼ፣ የልጅ ናፍቆት በሆዴ ይዤ፣ ከጓሳ ሣርና ከጅብራ በቀር ምንም ወደማይበቅልበት ብርድ ወጣሁ። መጀመሪያ ለቡድኑ ማብሰል ነበር ሥራዬ። ቀስ በቀስ ግን ዶክተር የሰበሰቡትን ሁሉ እኔ ዘንድ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ እኔ ያልጠቀለልሁት ነገር መኪና ላይ አይወጣም፣ የጠቀለልሁትንም ተመልሼ ቋጠሮውን ሳልዳስስ አልተኛም።

ዶክተር አንዳንድ ልማድ ነበራቸው፤ እኔንም ለቀቀኝ የማልለው ልማድ አስይዘውኛል። አዲስ ቦታ ስንደርስ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይቀመጣሉ። ተማሪዎቻቸው መሣሪያ ለማውጣት ሲጣደፉ እሳቸው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሸለቆውን ብቻ ያያሉ። ትልቅ ቋጥኝ ሲያገኙ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ እንደ በሬ። ከመሬት ምንም ነገር ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ላዩ በየት እንደሆነ ቀስት ይሣልበታል። «ላዩ በየት ነው?» ሳይሉ ከሰው እጅ ድንጋይ አይቀበሉም። ላዩ የጠፋበት ድንጋይ፣ ይላሉ፣ አገሩን የረሳ ሰው ነው፤ ብትጠይቂው የሚነግርሽ የለውም።

ከሳቸው የተማርሁትን ልጻፍ። ምልክት በእርሳስ ይጻፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ውጭ ይታሰራል፤ የውጭውን አይጥ ቢበላው የውስጡ ይመሰክራል። ጭቃ ሲሆን መጀመሪያ በስስ ላስቲክ፣ ቀጥሎ በብርማው የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ከዚያ ለሁለት በተሰነጠቀ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ይተኛል፤ ራስጌና ግርጌው ይደፈናል። አጥብቀሽ ካሰርሽው ይጨመቃል፣ ካላላሽው ይንሸራተታል። ሕፃን እንደመጠቅለል ነው። ይህን እሳቸው አላስተማሩኝም፤ እኔ አውቀው ነበር።

የገጠሩ ሰው «ዶክተር» ሲባል ሰምቶ የታመመ ልጁን ይዞ ይመጣባቸው ነበር። «እኔ የድንጋይ ሐኪም ነኝ፣ እናቴ» ይላሉ። አንዷ፣ «እንግዲያስ የማን ድንጋይ ታሞ ነው እዚህ ድረስ የመጡት?» ብላ አስቃቸዋለች። መድኃኒት ስለሌላቸው ያዝኑና በመኪናቸው ጤና ጣቢያ ያደርሱ ነበር። ስለዚህም በየመንደሩ ወደዷቸው። ይህን የምጽፈው በኋላ ለሆነው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

የተራራ ጠዋት አይረሳኝም። ጉሙ ከታች ሸለቆዎቹን ሞልቶ ነጭ ሜዳ ይሆናል፣ የተራራው ጫፎች ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብለው ይታያሉ። ድምፅ የለም። ዶክተር ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ይቆሙና፣ «እንዲህ ነበር፣ እይው» ይሉኛል። እኔም አያለሁ። ጉሙ በረዶ ይሆንብኛል፤ ከሥሩ ዓለቱ ሲፋቅ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ሰው የለ፣ ከብት የለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል የለ፤ ነጭ ነገር ብቻ፣ ማንም ሳያየው፣ ለማንም ሳይል ይሄዳል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣና ጉሙ ይቀደዳል፤ ከሥሩ የገብስ ማሳ፣ ጭስ፣ የሰው ቤት ይገለጣል። እንደሕልም ነበር። እጄ ድስት ላይ ሆኖ ልቤ እዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ይቆያል።

ችግሩ የዶክተርን ነገር ያመነ ሰው ጥቂት መሆኑ ነበር። የሙያ ባልደረቦቻቸው፣ ጮቄ ላይ ውርጭ እንጂ የሚሄድ በረዶ አልነበረም ይላሉ። የድንጋይ ካቡን ሲያሳዩ፣ ገበሬ ነው የካበው ይሏቸዋል፤ እውነትም ገበሬው ብዙውን ድንጋይ ለቅሞ ለአጥር አድርጎታል። ያልተነካ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ከጫፉ ሥር፣ በሬ የማይገባበት ረግረግ። በረዶው በዚያ ከነበረ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው፤ ከጭቃው ሁሉ በታች ደግሞ የፈጨውን የዓለት ዱቄት ትቶ መሄድ አለበት። ዱቄቱ ከተገኘ ዶክተር የለፉበት ዘመን እውነት ነው። ካልተገኘ በተራራ ላይ ያረጁ ሰውዬ ብቻ ናቸው። ጡረታቸው ቀርቦ ነበር፤ ጉልበታቸውም እምቢ ማለት ጀምሯል።

ረግረጉ በእጅ ነው የሚወጋው። የብረት ዘንግ በዘንግ ላይ እየተቀጠለ ይገፋል፤ ጫፉ ላይ ያለው አፍ ጭቃውን ቆርጦ ይይዛል፤ ተስቦ ይወጣል። ላይኛው ጥቁር ነው፣ የበሰበሰ ሣር። ከሱ በታች ቡናማ። የጉልበቱን ሥራ የሚመራልን የዚያው አገር ሰው አያ ደሴ ነበር፤ ቀልደኛ፣ ክንደ ብርቱ። በመጨረሻው ቀን ዘንጉ ቆመ። ዶክተር ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ አደረጉና፣ «ዓለት ነው። ታች ደረስን» አሉ። የመጨረሻውን ጭቃ ቀን ጨለመብንና ሳንከፍተው እንዳለ ጠቀለልሁት።

መኪናው ከወንዙ ማዶ ነው የቆመው፤ እስከዚያ በእግር ነው። በማግስቱ አያ ደሴ ከመንደሩ የቃሬዛ ማኅበር ቃሬዛ ተውሶ መጣ፤ በሽተኛ የሚሸከሙበትን። ቧንቧዎቹን ጎን ለጎን አጋደምንና አሰርናቸው። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ዶክተር ጭቃው እንዳይደርቅ አዝነውለት ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ እስከ ታች አለበሱት። አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ ዶክተር በጉልበታቸው ሕመም አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ተከተሉ።

አገራችንን ለሚያውቅ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መንገር አያስፈልግም። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሰው ነው። ቃሬዛ ያየ ሰው አያልፍም። በትሩን ለሌላ ይሰጥና፣ «ልቀበል» ብሎ ትከሻውን ያስገባል። ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይሸከማል። የኛዎቹ ደክሟቸው ነበር፣ ሰጡ። አያ ደሴ መንገድ ሊያይ ቀድሟል። እኔ ድስትና ምጣዴን ተሸክሜ ከኋላ ቀርቻለሁ። ቀና ስል ቃሬዛው በማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነው፤ ከኋላው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከትለዋል፤ አንዲት ሴት «የዶክተሩ ሰው ነው» እያለች፣ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች።

ከዚያ ሰማዩ ተገለበጠ። ያልተጠበቀ ዝናብ።

«ወንዙ ሳይሞላ እናሻግረው! ብርድ ይመታዋል!» አለ አንዱ።

ሮጡ። ለበሽተኛ ይሮጣል። ጣልሁት የያዝሁትን፤ «ቀስ! ላዩን! ላዩን!» እያልሁ ተከተልሁ። ማን ይሰማኛል፤ ያበደች የበሽተኛ ዘመድ መሰልኋቸው። ወንዙ ውስጥ የፊተኛው ሰው አዳለጠው። ቃሬዛው አዘመመ፣ ማሰሪያው ለቀቀ፣ ቧንቧዎቹ እየተንሸራተቱ ውሃው ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ተከፈቱ። አንዱ የታችኛው ነበር።

ሰው ሁሉ ጮኸ። ጋቢው ብቻ ተንሳፍፎ ሲሄድ አዩና ሬሳው የታለ እያሉ ውሃውን በእጃቸው ይዳስሱ ጀመር። ኋላ አንዱ ጭቃ ዘግኖ አወጣ።

«ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው» አለ አያ ደሴ፣ ተመልሶ ደርሶ።

«ጭቃ?!» አለች ያቺ ስታለቅስ የነበረች ሴት። አትጠገብ ትባላለች። «እንባዬን ሁሉ ለጭቃ ነው ያፈሰስሁት?»

ዶክተር ዳር ቆመው ውሃውን ያዩ ነበር። ዝናቡ በራሳቸው ይወርዳል። «ጭቃ ብቻ አልነበረም፣ እናቴ» አሏት ቀስ ብለው። «ያለቀሽው አልባከነም።»

ከዚያ ወደኔ ዞር አሉ። «አየሽው? መጀመሪያ ጥቁር ወጣ። ቀጥሎ ቡናማ። መጨረሻ ላይ ውሃው ግራጫ ሆነ፤ እንደ ወተት። አየሽው አይደል?»

ያየሁ መሰለኝ። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ የቆየ ግራጫ ነገር፣ እንደ ጉም ውሃው ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያልፍ። ግን እኔ አየሁ ብል ማን ይቀበላል፤ እሳቸውም ቢሉ ማን ይቀበላል። እጅ ላይ ካልያዙት ያው ሕልም ነው።

ማንንም አልተቆጡም። ተሸካሚዎቹ አፍረው መሬት መሬት ሲያዩ በየተራ እየጨበጡ አመሰገኗቸው፤ ሰው መስሏቸው ነው የሮጡት። መኪናው ውስጥ ግን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ተራራው ወዳለበት ወደ ኋላ ዞረው ያዩ ነበር። እኔም ባዶውን ቧንቧ ጭኔ ላይ አጋድሜ መጣሁ።

በሚቀጥለው በጋ ጉልበታቸው ተራራ እምቢ አለ። ቀጥሎ ደግሞ መንገድ የማያስኬድበት ጊዜ መጣና ወደ ላይ መውጣት ቀረ። ዶክተር ጡረታ ወጡ። ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው ተራራውን ሲያዩ ይውላሉ። ለመጠየቅ በሄድሁ ቁጥር፣ «ወተት ይመስል ነበር፣ አይደል?» ይሉኛል። «ይመስል ነበር» እላቸዋለሁ። ያ ቃል እየቀጠነባቸው እንደሄደ በዓይናቸው አያለሁ። እኔንም ማታ ማታ ያየሁት እውነት ነው ወይ የሚል ፍርሃት ይይዘኝ ነበር።

ተማሪያቸው የነበረችው ሰላማዊት አለቃዬ ሆነች። ፈጣን ናት፤ ስትሄድም ስትናገርም። መንገዱ ሻል ሲል፣ «እትዬ የውብዳር፣ አንድ ጊዜ እንውጣ። የታችኛውን ብቻ ይዘን እንመለስ» አለችኝ። መኪና እንደ ድሮው አይቀርብም፤ ረጅሙን መንገድ በእግር ነው። ከቤት ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አንቀልባ ዓይኔን ያዘው። ልጄን ያሳደግሁበት ቆዳ፣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ። ለማንም ሳልናገር ጓዜ ውስጥ ከተትሁት።

አያ ደሴ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። «ሁሉን አደርጋለሁ፤ ቃሬዛ ግን አትጠይቁኝ» አለ። «ዛሬም ድረስ ለጭቃ ያስለቀሰ እያሉ ይሰድቡኛል።»

ወጋን። ዘንጉ ሲቆም አያ ደሴ እንደ ዶክተር ተንበርክኮ ጆሮውን ብረቱ ላይ አደረገ። «ታች ነው» አለ። ሰላማዊት ስባ አወጣችና አፉን ከፈተችው። ጥቁሩ አልቋል፣ ቡናማውም አልቋል፤ ጫፉ ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ሰማይ የመሰለ። ያቺ ፈጣን ልጅ ረግረጉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ጠቀለልሁት። ቀስት ሣልሁበት።

«ማን ይሸከመዋል?» አለች ሰላማዊት። «ለወጣቶቹ እንስጥ?»

«አይሆንም» አልሁ። «ወጣት ከተሸከመው መንገደኛ ይቀበለዋል።» አንቀልባውን አወጣሁ። ቃሬዛ የአገር ሁሉ ሸክም ነው፤ ማንም ትከሻውን ቢያስገባ አትከለክለውም። ከእናት ጀርባ ላይ ግን ልጅ የሚቀበል የለም።

ራሱን ወደ ላይ፣ ግርጌውን ወደ ታች አድርገው አሳዘሉኝ፤ ነጠላዬን ደረብሁበት። ክብደቱ ማስተዋል ዳዴ ስትል የነበራትን ያህል ነው። ቁልቁለቱን በዚያ ክብደት ስወርድ ዘመኑ ተቀላቀለብኝ። አንዳንዴ ልጄን ያዘልሁ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ሕፃን ሆኖ የቀረ፣ ከኛ ሁሉ ያረጀ ነገር ጀርባዬ ላይ የሚተነፍስ። ሳላውቀው እሹሩሩ ስል ሰላማዊት ሰማችኝና ሳቀች። መንገደኛው፣ «እንዴት ነው ሕፃኑ?» ይላል። «ደህና ነው፣ ተኝቷል» እላለሁ። ድስቴን፣ ጓዜን ተቀብለው ሸኙኝ፤ ጀርባዬን ማንም አልነካ።

ወንዙ ዳር አንዲት ሴት እንስራ ትሞላለች። ቀና ስትል አትጠገብ ናት። መጥታ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ይህ ደግሞ የማን ነው?»

«የዶክተሩ ነው።»

«ያው ጭቃ?»

«ያው ነው።»

«ያለቀስሁለት?»

«ያለቀሽለት።»

እንስራዋን አስቀመጠች። «እንግዲያስ ዘመዴ ነው» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማኝ ውሃው ውስጥ ገባች። በእግሯ ድንጋዩን እየፈተነች፣ «እዚህ ርገጪ፣ እዚህ እንዳትረግጪ» እያለች እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

ዶክተር ታደለ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከወንበራቸው ላይ ነበሩ። ስገባ ለመነሣት ሞክረው አቃታቸው። አንቀልባውን ፈታሁና ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት። ቀስቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ ጎልቶ ይታያል። እሳቸው ግን እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት፣ «ላዩ በየት ነው፣ የውብዳር?» አሉኝ።

«በዚህ ነው» አልኋቸው።

ሰላማዊት ከፈተችው። ግራጫውን በጥፍራቸው ጫፍ ነክተው በፊት ጥርሳቸው ነከሱት፤ አሸዋ ይሁን ዱቄት የሚለዩት እንዲያ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ለኔም ጥቂት ሰጡኝ። ጥርሴ ላይ አልተንኮሻኮሸም፤ የደረቀ ብርድ የመሰለ ጣዕም አለው። «የፈጨው እሱ ነው» አሉ። «ወተት ይመስል ነበር አላልሁሽም?» ዕድሜውንና የቀረውን ሰላማዊት በትምህርቷ ትጻፈው፤ እኔ የማውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውን መልሰው እንዳልጠየቁኝ ነው።

ዘንድሮ ማስተዋል ሴት ልጅ ወለደች። አንቀልባውን ብዙ አጠብሁት፤ ስፌቱ ውስጥ የገባው ግራጫ ግን አልለቅ አለ። ክርስትናው ላይ ዶክተር በምርኩዝ መጡ። ሕፃኗን ከነአንቀልባዋ አቀፏት። እሷን ስመው ሲያበቁ ዓይናቸው ስፌቱ ላይ ቆመ። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«እማዬ!» አለች ማስተዋል በሹክሹክታ። «ሰውዬው አንቀልባችንን እየበሉት ነው!»

«ተያቸው» አልኋት። «ደህና ተደርጎ የተፈጨ ነው።»